የቢኤምደብሊው ኤም3 የቢዬላ ብሮንዚና ለምን ቶሎ ያልቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2007 እስከ 2013 የተሠራውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ኤም3 የያዙ ወይም ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን እስከ አከራካሪው ሰብስበናል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የቢዬላ ብሮንዚና ምንድን ነው?

ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ክራንክሻፍት የሚባለው የሞተሩ ዋና ዘንግ ደግሞ ይዞራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ብረት ቢዬላ ነው። የቢዬላው ትልቁ ጫፍ ክራንክሻፍቱን አቅፎ ይይዘዋል። በመካከላቸው ለሁለት የተከፈለ ቀለበት የሚመስል ስስ ንጣፍ አለ፤ ብሮንዚና የሚባለው እሱ ነው። ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ነው። ጀርባው ብረት ነው፤ ክራንክሻፍቱን የሚነካው ፊቱ ግን ለስለስ ባለ ማዕድን የተለበጠ ነው። ለስላሳ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። የሆነ ነገር ማለቅ ካለበት ርካሹ ብሮንዚና ይለቅ፣ ውዱ ክራንክሻፍት ይትረፍ ነው ነገሩ።

እንደ ጎማ ኩሽኔታ ውስጡ ኳስ ወይም ሮለር የለም። ሥራውን የሚሠራው ዘይት ነው። ፓምፑ ዘይቱን በክራንክሻፍቱ ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎች አሳልፎ እዚያ ያደርሰዋል። ክራንክሻፍቱ ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ቦታ ያስገባዋል፤ እዚያ በሚፈጠረው ግፊት በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። ሞተሩ ሞቆ በደንብ ሲሠራ ብረት ብረትን አይነካም።

ችግሩ ያለባቸው የትኞቹ መኪናዎች ናቸው?

ዋናው ተጠርጣሪ ኤስ65 የሚባለው ባለ 4.0 ሊትር ቪ8 ሞተር ነው። ኢ90 በሚባለው ባለ አራት በሩ ኤም3፣ ኢ92 በሚባለው ኩፔና ኢ93 በሚባለው ጣሪያው በሚከፈተው ላይ ተገጥሟል። እስከ 8400 ዙር በደቂቃ ይሄዳል። የዚህ ሞተር ታላቅ ወንድም በኤም5 እና በኤም6 ላይ የተገጠመው ባለ አስር ሲሊንደሩ ኤስ85 ነው። የሁለቱ የሲሊንደር ስፋትና የፒስተን ጉዞ አንድ ነው፤ 92 በ75.2 ሚሊሜትር። ብሮንዚናቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ሐሜቱም አንድ ዓይነት ሆነ።

ከእነሱ በፊት ኢ46 ኤም3 ላይ የነበረው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ኤስ54ም በዚሁ ጉዳይ ስሙ ተነሥቷል። ለእሱ ኩባንያው ራሱ በ2003 አካባቢ መኪናዎችን እየጠራ ብሮንዚና ቀይሯል። አሜሪካ ውስጥ የሞተር ዋስትናውንም ወደ 6 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሟል። ለኤስ65 ግን እንዲህ ያለ ጥሪ አልወጣም፤ ባለቤቶች ኒው ጀርሲ ውስጥ ፍርድ ቤት እስከ መሄድ ደርሰው ነበር። ኤም3 ያልሆነ ተራ ቢኤምደብሊው 328 ወይም 335 ከሆነ የያዛችሁት፣ ይሄ ጉዳይ አይመለከታችሁም። እናንተ ሌላ ጣጣ አለባችሁ።

ዘይት ካለ ለምን ያልቃል?

ዘይቱ የሚሸከመውን ነገር ለማሰብ እንሞክር። በ8400 ዙር ክራንክሻፍቱ በሰከንድ 140 ጊዜ ይዞራል። ብሮንዚናው የሚያቅፈው የክራንክሻፍት ክፍል ዲያሜትሩ 52 ሚሊሜትር ነው። ይህ ማለት የብረቱ ገጽ በብሮንዚናው ላይ በሰከንድ 23 ሜትር ያህል ይንሸራተታል ማለት ነው፤ በሰዓት ሲሰላ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ። በዚያው ቅጽበት ፒስተኑ ላይ ደርሶ ቆሞ ወደ ታች ይመለሳል። ፒስተኑ ከነፒኑ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ ያንን ግማሽ ኪሎ አቁሞ ለመመለስ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ1.8 ቶን ክብደት ጋር የሚጠጋ ነው። ይህ ሁሉ የሚያርፈው እዚያች ስስ ዘይት ላይ ነው።

ጉልበቱ ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው 6000 ዙር ላይ ምንም የማይሆን ሞተር 8400 ላይ የሚፈተነው። ዘይቱ ለአፍታ ከሳሳ ወይም ከዘገየ ብረት ብረትን ይነካል። አንዴ ቢነካ ችግር የለም። በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲነካ ግን ለስላሳው ልባጥ ተፍቆ ያልቃል።

ታዲያ ጥፋቱ የከፍተኛ ዙር ነው?

ብቻውን አይደለም። የሆንዳን ኤስ2000 ተመልከቱ። የመጀመሪያው ባለ 2.0 ሊትር ሞተሩ ወደ 9000 ዙር ይጠጋል። የፒስተኑ ጉዞ 84 ሚሊሜትር ስለሆነ ፒስተኑ ከኤም3 የበለጠ ይፈጥናል፤ በአማካይ በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ፣ የኤም3 ደግሞ 21። ያም ሆኖ ኤስ2000 በቢዬላ ብሮንዚና ስሙ የጠፋ መኪና አይደለም። የሚጠቀመውም ቀጠን ያለ ዘይት ነው።

ስለዚህ «ብዙ ስለሚዞር ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ከፍተኛ ዙር ስህተትን ይቅር አይልም፤ ስህተቱን ግን የግድ እሱ አልፈጠረውም።

የዚህ ሞተር ልዩ ችግር ታዲያ ምንድን ነው?

ብዙ ባለሙያ ጣቱን የሚቀስረው በብሮንዚናውና በክራንክሻፍቱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። የሞተር ሠሪዎች የቆየ ልማድ አላቸው፤ ክፍተቱ ከዲያሜትሩ አንድ ሺህኛ ያህል ይሁን ይላሉ። በዚህ ስሌት 52 ሚሊሜትር ላይ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ መገኘት ነበረበት። ሞተሩን ፈተው የለኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያገኙት ግን 0.03 አካባቢ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ገደማ ነው፤ ከፀጉር ግማሽ በታች በሆነ ቦታ ውስጥ ዘይት መግባት፣ መሸከም፣ ሙቀት ይዞ መውጣት አለበት ማለት ነው።

ጠባብ ክፍተት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዛሬ የሚሠሩ ብዙ ሞተሮች ጠባብ ክፍተት አላቸው፤ ነገር ግን ውኃ የመሰለ ቀጭን ዘይት ነው የሚጠቀሙት። ኤስ65 ጠባብ ክፍተት ከወፍራም ዘይት ጋር ያጋባ ሞተር ነው። ወፍራም ዘይት በጠባብ ቦታ በዝግታ ያልፋል። በዝግታ ሲያልፍ ሙቀት ይዞ አይወጣም። ሲሞቅ ደግሞ እዚያው ይቀጥናል፣ የመሸከም አቅሙም ይወርዳል።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፒስተኑ ላይ ደርሶ ሲመለስ የቢዬላው ትልቁ ጫፍ በጉልበት ይሳባል፤ ክብ የነበረው በጥቂቱ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል። በቁመት ሲረዝም ጎንና ጎኑ ይጠብባል። በቂ ክፍተት ካለ ምንም አይደለም። መጀመሪያውኑ ጠባብ ከሆነ ግን ጎኑ ክራንክሻፍቱን ይቆነጥጠዋል። ሁለቱ የብሮንዚና ግማሾች ከሚገናኙበት ጠርዝ አጠገብ መፋቅ ከታየ ይህ ነገር ተጠርጣሪ ነው።

የሚቃወሙም አሉ። «ችግሩ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያሠቃዩና ዘይት የማይቀይሩ ሰዎች ናቸው» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን በሥርዓት የተያዙ መኪናዎችም ሲከፈቱ ያለቀ ብሮንዚና ተገኝቶባቸዋል። በእኛ አስተያየት ክፍተቱ ሞተሩን ቁጡ አደረገው፤ አያያዙ ደግሞ ዕድሜውን ወሰነው።

10ደብሊው-60 ዘይት የግድ ነው? ቀጠን ያለ ባደርግስ?

ፋብሪካው የሚያዘው 10ደብሊው-60 ነው። በመጀመሪያ የካስትሮል ነበር፤ በ2015 ሼል የኩባንያውን ዘይት ማቅረብ ጀመረ። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ውፍረት ያሳያል። 60 የሚባለው ቢያንስ 21.9 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) ሲሆን 40 የሚባለው ከ12.5 ጀምሮ ከ16.3 በታች ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል።

አነዳዳችሁን ተመልከቱ። ዱባይ ወይም ሪያድ በበጋ የምትነዱ ከሆነ፣ ወይም መኪናውን ትራክ ላይ የምታወጡ ከሆነ የዘይቱ ሙቀት 120 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ላይ 60ው ሥራ አለው። ከፋብሪካው ትእዛዝ አትውጡ። ሚኒያፖሊስ ወይም ካልጋሪ በክረምት ለሥራ የምትመላለሱበት ከሆነ ግን ዘይቱ ሳይሞቅ ሥራ ቦታ ትደርሳላችሁ። በእንዲህ ያለ ቦታ አንዳንድ ባለቤቶች ወደ 5ደብሊው-50 ወይም ወደ 0ደብሊው-40 ወርደዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ዋስትና ካለው ዋስትናውን ያስብበት። ያልሞቀ ሞተር የማይረግጥና የዘይት ምርመራ የሚያሠራ ይሁን። ክፍተቱ ሳይለወጥ ዘይት በመቀየር ብቻ ነገሩ ተፈታ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

ጠዋት ምን ያህል ላሙቀው?

ቆማችሁ አታሙቁት። አስነሡ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቆሞ የሚሞቅ ሞተር ዘይቱ ቶሎ አይሞቅም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየገባም ያቀጥነዋል።

ይህ መኪና የዘይት ሙቀት ጌጅ አለው፤ ብዙ መኪና ያለው የውኃ ሙቀት ብቻ ነው። የዙር ጌጁ ጠርዝ ላይም ትንንሽ ብርቱካናማ መብራቶች አሉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ ይበራሉ፣ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። መሐንዲሶቹ «እስከዚህ ብቻ» እያሏችሁ ነው። እኛ ከመብራቶቹም ትንሽ እንጠነቀቃለን፤ መርፌው ወደ 100 ዲግሪ እስኪጠጋ ከ3500 ዙር አታሳልፉ። ውኃው ሞቀ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም። ዘይቱ ሁልጊዜ ኋላ ነው የሚሞቀው።

በዝቅተኛ ዙር ብነዳ ብሮንዚናው ይተርፋል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በስድስተኛ ማርሽ 1500 ዙር ላይ ሆኖ ዳገት ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው መርገጥ ብሮንዚናን ይጎዳል። ክራንክሻፍቱ ቀስ ብሎ ሲዞር ዘይት የሚጎትትበት አቅም ይቀንሳል። ከላይ ደግሞ ፍንዳታው ፒስተኑን በሙሉ ኃይል ይገፋዋል። ስስ ዘይት፣ ከባድ ሸክም። ማርሽ ቀንሳችሁ ዙሩን ወደ 3000 አውጡት፤ ሞተሩ የተሠራውም ለመዞር ነው።

የዙር ጣሪያውን የሚጠብቀው ኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ በመርገጥ ብቻ ከሚመጣ ዙር ያድናችኋል። በማኑዋል ማርሽ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ላወርድ ብላችሁ አንደኛ ከገባ ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ኮምፒውተሩ ምንም አያደርግም። መዝግቦ ማስቀመጥ ግን ይችላል፤ ዋስትና የሚጠይቅ ሰው ይህን ይወቅ።

ማለቁን በድምፅ ማወቅ ይቻላል?

ሲያልቅ አይናገርም። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። መኪናው በደንብ ይሄዳል፣ መብራት አይበራም፣ ዳሽቦርዱ ጸጥ ነው። ድምፅ ከሰማችሁ ነገሩ መጨረሻው ላይ ደርሷል ማለት ነው። ድምፁ ከሥር የሚመጣ ደንደን ያለ «ዱክ ዱክ» ነው። ከዙሩ ጋር ይፈጥናል፤ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ቀለል አድርጋችሁ ይዛችሁ ከ2000 እስከ 3000 ዙር ስትሆኑ ጎልቶ ይሰማል።

ስስ «ቲክ ቲክ» ሌላ ነገር ነው። ይህ ሞተር ሲሞቅ ከላይ በኩል እንደዚያ ያለ ድምፅ ማውጣቱ የተለመደ ነው። በየሳምንቱ «ብሮንዚናዬ ሄደ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ፤ አብዛኛው የሰማው ይህን ነው።

ዘይት በየስንት ልቀይር?

የመኪናው ኮምፒውተር 15,000 ማይል (24,000 ኪሎ ሜትር) አካባቢ ድረስ ሊያስኬዳችሁ ይችላል። አትስሙት። ለዚህ ሞተር ይህ ብዙ ነው። ከ8000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀድሞ በደረሰው ቀይሩ። ወደ 8.8 ሊትር ይወስዳል፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። አጭር አጭር መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ከዚህም ቀድማችሁ ቀይሩ። በሰርቪሶች መካከል የዘይቱን መጠን መከታተልም አትርሱ። መኪናው የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ነው የሚታየው።

የዘይት ምርመራ ብሮንዚና ማለቁን ያሳያል?

ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይደለም። ዘይት ስትቀይሩ ጥቂቱን በትንሽ ጠርሙስ ወደ ላቦራቶሪ ትልካላችሁ። እነሱ በውስጡ ያለውን ማዕድን በሚሊዮን ስንት እንደሆነ ይለካሉ። አሜሪካ ያላችሁ ይህን በፖስታ በቀላሉ ታደርጋላችሁ፤ ኢንዲያና ያለው ብላክስቶን በዚህ ሞተር ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ናሙናውን ሞተሩ ትኩስ እያለ፣ ዘይቱ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ መሐል ላይ ቅዱ። መጀመሪያ የሚወጣው ቆሻሻ ውጤቱን ያዛባል።

አንድ ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሦስት አራት ውጤት ተደርድሮ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ስታዩት ነው የሚናገረው። ሊድ (እርሳስ የሚባለው ማዕድን) በየጊዜው እየጨመረ፣ መዳብ እየተከተለ ከሆነ ላይኛው ልባጥ አልቆ ሥረኛው ላይ ተደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሲከፈት አልቆ የተገኘም አለ። ስለዚህ መጥፎ ውጤት ይታመናል፤ ጥሩ ውጤት ግን ብዙ አያስተኛም።

የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኔ ማግኔት ላይ ምንም የለም። ደህና ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። ሊድ፣ መዳብ፣ ቆርቆሮና አልሙኒየም ማግኔት አይዛቸውም። ማግኔቱ የሚይዘው ብረት ነው። እዚያ ላይ ብረት ካያችሁ ምናልባት ጉዳቱ ክራንክሻፍቱ ጋ ደርሶ ይሆናል። የተሻለው ዘዴ አሮጌውን ፊልትሮ መክፈት ነው። ወረቀቱን ዘርግታችሁ በደማቅ ብርሃን እጥፋቱን ተመልከቱ። የሚያብለጨልጭ ስስ ቅርፊት፣ በተለይ ቀላ ያለ የመዳብ ቀለም ያለው ካያችሁ መኪናውን አቁሙት።

ከ2011 በኋላ የተሠራው ከዚህ ነፃ ነው?

በ2011 አካባቢ ኩባንያው ብሮንዚናውን ቀይሯል። የቀድሞው ሊድና መዳብ ያለበት ነበር፤ አዲሱ አልሙኒየምና ቆርቆሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከሐምሌ 2011 ጀምሮ በአዳዲስ መኪና ሞተር ብሮንዚና ላይ ሊድ ስለከለከለ ለውጡ ወቅቱን የጠበቀ ነው። ክፍተቱ ግን ያን ያህል አልሰፋም። አዲሱም ቢሆን አልቆ ተገኝቷል።

አዲሱ ጠንከር ይላል፤ ቶሎ አይፋቅም። ነገር ግን ለስላሳ ሊድ ጥቃቅን ቆሻሻን ወደ ራሱ ውጦ ክራንክሻፍቱን ያድን ነበር፤ ጠንካራው ያን ያህል አይውጥም። በተጨማሪ በዘይት ምርመራ ላይ ሊድ ፈልጋችሁ አታገኙም። አልሙኒየም ደግሞ ከፒስተንም ሊመጣ ስለሚችል ምንጩን መለየት ከባድ ነው። ዘግየት ያለ ዓመት የያዘ ሰው የሚተኛበት ምክንያት አይታየንም።

ሳይበላሽ በፊት ልቀይረው? መቼና በስንት?

በእኛ በኩል መልሱ አዎ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ብዙ ባለቤቶች ከ100,000 እስከ 130,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ይቀይሩታል። ከዚያ በጣም ቀድሞ የሄደበት አለ፤ በመጀመሪያው ብሮንዚና 200,000 ያለፈም አለ። የትኛው እንደሆናችሁ ሳይከፈት አይታወቅም።

ሞተሩ ከመኪናው አይወጣም። ከላይ ይታሰርና ከሥር የፊተኛው ሰብፍሬም (ሞተሩን ከታች የሚሸከመው የብረት አካል) ይወርዳል፤ ከዚያ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ተፈትቶ ስምንቱ ቢዬላዎች ከታች ይሠራሉ። አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ጋራዥ ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ2000 እስከ 3500 ዶላር ይጠይቃል። ብሮንዚናው ከሄደ በኋላ የሚመጣው የሞተር ወጪ ግን 10,000 ዶላርን በቀላሉ ያልፋል። ስሌቱን ለእናንተ ትተናል። ኮፓው ወርዶ ሳለ የሞተር መያዣ ጎማዎችንም አብሮ መቀየር ብልህነት ነው፤ ለእነሱ ሁለተኛ ጉልበት አትከፍሉም።

የፋብሪካውን ልግዛ ወይስ ሰፋ ያለውን?

ክፍተቱ ጠባብ ነው ካልን መልሶ ያንኑ መግጠም ግራ ያጋባል። ለዚህ ሞተር ተብለው ፊታቸው ሳሳ ተደርጎ ክፍተቱን የሚጨምሩ ብሮንዚናዎች ገበያ ላይ አሉ። ቢኢ ቤሪንግስ የሚባለው ስም በብዛት ይነሣል። ላያቸው ላይ ተጨማሪ ልባጥ የተቀባባቸውም አሉ። ልባጥም ውፍረት አለው፤ ጠባቡን ክፍተት ይበልጥ እንዳያጠብ ሻጩን ስንት ሚሊሜትር ክፍተት እንደሚተው ጠይቁት። በቁጥር ካልመለሰ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

መካኒኩን ምን ልጠይቀው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቡሎኖቹን የሚመለከት ይሁን። የፋብሪካው የቢዬላ ቡሎን ሲጠብቅ ተስቦ የሚቀር ነው፤ አንዴ ከተፈታ ይጣላል። «አሮጌው ደህና ነው» የሚል ካለ መኪናውን ይዛችሁ ውጡ። ቀጥሎ ቢዬላው በፋብሪካ ሆን ተብሎ ተሰብሮ የተከፈለ መሆኑን ማወቁን አረጋግጡ። የተሰበረው ፊት ሸካራ ነው፤ ከራሱ ጥንድ ጋር ብቻ ነው የሚገጥመው። የሦስተኛው ቢዬላ የታች ግማሽ (ክዳኑ) አምስተኛው ላይ ወይም ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ተበላሸ።

አሮጌዎቹን 16 ግማሾች ከየሲሊንደራቸው ቁጥር ጋር ይስጣችሁ። ጤነኛው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ያለቀው ላይ ግራጫው ተፍቆ ቀላ ያለ መዳብ ብቅ ይላል፤ የባሰበት ላይ ጥፍራችሁን ስታስኬዱበት ይይዛችኋል። የክራንክሻፍቱንም ገጽ በጥፍር ይሞክሩት። እዚያ ላይ ከያዘ አዲስ ብሮንዚና ማስገባት ጊዜ መግዛት ብቻ ነው። ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥም እንደ ድሮ ሞተር ቀላል አይደለም። የብዙ ከፍተኛ ዙር ሞተሮች ክራንክሻፍት ላዩ ብቻ የጠነከረ ነው፤ ከተላጠ ጥንካሬው አብሮ ይሄዳል።

ማንኳኳት ጀምሯል። ቀስ ብዬ ጋራዥ ላድርሰው?

አጥፉት። ክሬን ጥሩ። እያንኳኳ የሚነዳ ሞተር ብሮንዚናው ዞሮ የዘይት ቀዳዳውን ሊዘጋ ይችላል፤ ከዚያ ቢዬላው ይነክሳል፣ ሲብስም ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል። ክሬን የሚያስከፍለው መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር ነው። ሳይነዳ የቆመ ሞተር ብሎኩና የሲሊንደሮቹ ክዳን ሊተርፉ ይችላሉ። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፁን ማጥፋት የሚባለው ዘዴ መኪናውን ለሌላ ሰው ለመሸጥ ለሚቸኩል ሰው ነው።

ያገለገለ ልገዛ ነው። «ብሮንዚናው ተቀይሯል» ይላል ሻጩ። ምን ላድርግ?

ደረሰኝ ይጠየቅ። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የብሮንዚናው ዓይነትና የአዲሶቹ ቡሎኖች ዋጋ ተዘርዝሮ ይታይ። በሥርዓት ያሠራ ሰው የአሮጌዎቹ ፎቶ አለው፤ ብዙዎቹ ብሮንዚናውን ራሱን በካርቶን አስቀምጠው ያሳያሉ። ምንም ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ። እግረ መንገዳችሁን የሞተሩን የአየር መግቢያ ስለሚከፍቱትና ስለሚዘጉት ስሮትል አክቹዌተሮችም ጠይቁ፤ የዚህ ሞተር ሌላው የታወቀ ወጪ እነሱ ናቸው።

መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሣው ንገሩት። ቀዝቅዞ ሲነሣ ልትሰሙት ይገባል። ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን እንደሞቀ ጠይቁ።

አስቀየርኩት፤ አሮጌው ሲወጣ ግን ደህና ነበር። ገንዘቤ ባከነ?

ደህና ሆኖ መገኘቱ ክራንክሻፍታችሁ እንዳልተጎዳ አሳይቷችኋል፤ ይህን በሌላ መንገድ ማየት አይቻልም ነበር። ክፍተቱን ያሰፋ ብሮንዚና ከገባ ደግሞ ሞተሩ ቀድሞ ያልነበረውን ዕድል አግኝቷል። ነገር ግን ሥራው ራሱ አደጋ አለው። በቸልተኛ እጅ የተሠራ አዲስ ብሮንዚና፣ ከጤነኛ አሮጌ ብሮንዚና ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ በ60,000 ኪሎ ሜትር፣ ንጹሕ የዘይት ምርመራ ይዞ፣ አቅራቢያው ይህን ሞተር ከፍቶ የማያውቅ መካኒክ ብቻ ያለው ሰው «አሁኑኑ ልቀይር?» ቢለን፣ መጀመሪያ መካኒክ ፈልግ እንለዋለን።

ሱፐርቻርጀር ልገጥም አስቤያለሁ። ብሮንዚናው ይችላል?

በመጀመሪያው ብሮንዚና ላይ አትግጠሙ። ሱፐርቻርጀር አየር ወደ ሞተሩ በኃይል እየገፋ የፍንዳታውን ግፊት ይጨምራል፤ የሚገፋውም በቢዬላው በኩል የላይኛውን ግማሽ ነው። መጀመሪያ ኮፓው ይውረድ፣ ክፍተቱ ይለካ፣ ብሮንዚናውና ቡሎኖቹ ይቀየሩ፤ ዘይት ማቀዝቀዣውም ይታሰብበት። ለዚህ ገንዘብ ከሌለ ለሱፐርቻርጀሩም የለም።